የመምህር ሚፍታ እንቅልፍና የጢቾ ዳገት

መምህር ሚፍታ አሰላ ከተማ ሃያ ሁለት ዓመት ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ፣ በእሳቸው ክፍል አንድም ተማሪ በሰላም አሸልቦ አያውቅም። ገና የዓይኑ ቆብ ከበድ ሲለው ጠመኔ ይመጣል። ከጥቁር ሰሌዳው እስከ መጨረሻው ረድፍ ዘጠኝ ሜትር ነው፤ እሳቸው ግን ፊታቸውን ሳያዞሩ እንኳ ግንባር መሃል ያሳርፉታል። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው፣ «መሬት እንኳ ሳታሸልብ ትዞራለች! አንተ ማን ነህ?» ይላሉ። በከተማዋ የሚኖር ጎልማሳ ሁሉ፣ ሐኪሙም፣ ነጋዴውም፣ የባጃጅ ሾፌሩም፣ ግንባሩ ያቺን ጠመኔ ያውቃታል።

ስለዚህ መምህር ሚፍታ በቴሌቪዥን፣ በቀጥታ ሥርጭት፣ ከነከራቫታቸው ተኝተው ሲታዩ አሰላ ሠርግ ሆነላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጡረታ በወጡ በዓመታቸው የክልሉ ምክር ቤት የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባል አድርጎ መረጣቸው። ምክር ቤቱ ምን እንደሚሠራ አሰላ ውስጥ በቅጡ የሚያውቅ ከእሳቸው በቀር አልነበረም፤ እሳቸውም የመጀመሪያው ሰሞን እርግጠኛ አልነበሩም። ሕግ አያወጣም፤ ሕግ የሚያወጣው ሌላው ምክር ቤት ነው። ይህኛው ሕገ መንግሥት ይተረጉማል፣ የማንነትና የወሰን ጥያቄ ያያል፣ ከፌዴራል መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ በምን ቀመር እንደሚከፋፈል ይወስናል። መምህር ሚፍታ ይህን ለሰው ሲያስረዱ አፋቸው አረፋ ደፈቀ። ሰው የሚፈልገው ትራንስፎርመር ነው።

«እሱ እኔን አይመለከትም። እኔ ላይኛው ምክር ቤት ነኝ» ይላሉ።

«ታዲያ ላይ ከሆኑ ምን ቸገረዎት? ጎንበስ ብለው ለታችኞቹ አይነግሩልንም?» ይሏቸዋል።

በዚያች በተረገመች ቀን ደግሞ ጥፋቱ የጭኮ ነበር። ባለቤታቸው ሀሊሜ የምትሠራው ጭኮ፣ የገብሱ ቆሎ በወጉ ታምሶ፣ ቅቤው ጣት ላይ እስኪወርድ የታሸ ነው። «ከሌላ ክልል የመጡትን አቅምሳቸው» ብላ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ አስይዛ ላከቻቸው። መምህር ሚፍታ ምሳ ሰዓት ላይ ለባልደረቦቻቸው አንድ አንድ ማንኪያ አቀመሱና የቀረውን፣ መልሶ መውሰድ ነውር ነው ብለው፣ ራሳቸው ጨረሱት። ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞቅ ብሏል፤ ወንበሩ ለስላሳ ነው፤ የሚቀርበው ሰባ ሁለት ገጽ ያለው የቀመር ማብራሪያ ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ካሜራው አዳራሹን ዞር ዞር ሲያይ መምህር ሚፍታ ዘንድ ደረሰና አምስት ሰከንድ ቆመ። አንገታቸው ወደ ኋላ፣ አፋቸው ወደ ጣሪያው።

ገና ከእንቅልፋቸው ሳይነቁ ቪዲዮው አሰላ ገብቷል። ማታውን አንዱ የቀድሞ ተማሪያቸው ነጭ ጠመኔ በአየር ላይ በርራ ግንባራቸውን ስትመታ አስመስሎ፣ «ጧ!» የሚል ድምፅ ጨምሮበት ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። እስከ ሮቤና ዴራ ድረስ ያላየው ሰው አልነበረም።

ጉባኤው አልቆ ወደ አሰላ ሲመለሱ፣ አዳማ መናኸሪያ ሚኒባስ ውስጥ ለመግባት ገና እግራቸውን ሲያነሱ ረዳቱ ክንዳቸውን በአክብሮት ያዘ።

«ጋሽ ሚፍታ፣ የመስኮቷን ወንበር ለእርስዎ ይዤልዎታለሁ። ለመደገፍ ትመቻለች።»

ማንም አልሳቀም። ይህ ነው የባሰው። ዴራን ሲያልፉ አንዲት ሴትዮ ሾፌሩን፣ «አንተ፣ ዘፈኑን ቀንስ እንጂ፣ ሰውየው ይረፉበት» ስትል ሾፌሩ ዘፈኑን ጭራሽ አጠፋው። መምህር ሚፍታ ከአዳማ እስከ አሰላ ዓይናቸው በርበሬ እስኪመስል አንድ ጊዜ እንኳ ሳያርገበግቡ መጡ።

ሀሊሜ በሩ ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጠበቀቻቸው።

«መተኛቱስ ይሁን» አለች። «ሰው ነህ፣ ይደክምሃል። አፍህን ምን ሆነህ ነው የከፈትከው? ያቺን የተሞላች ጥርስህን አገር አያት!»

«ሀሊሜ፣ ጭኮሽ እኮ ነው…»

«አሃ! አሁን ደግሞ ጥፋተኛው ጭኮዬ ሆነ? እኔ ቅመስ አልኩህ እንጂ ተቀበርበት አልኩህ?»

ያን ቀን ለእራት ጭኮ አልቀረበም። በማግስቱ ጠዋት ግን ጎረቤታቸው ቢፍቱ ባዶ ሳህን ይዛ መጣች። ባሏ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥቷል፣ ሐኪም ቤት ቢሄድም አልሆነለትም፤ ከዚያች ጭኮ ትንሽ ቢገኝ ብላ ነው። ሀሊሜ መጀመሪያ ልትቆጣ አሰበች፤ ከዚያ ተወችው። በሳምንቱ ውስጥ ሌሎች ስድስት ሴቶች መጡ። የቢፍቱ ባል ለጁምዓ ሶላት ሳይነሳ ቀረ ተባለ፤ ሀሊሜም ከባሏ ጋር ታረቀች።

መምህር ሚፍታ ግን ከቤት መውጣት ፈሩ። ጠዋት ጠዋት የጭላሎን ተራራ እያዩ በእግር መንሸራሸር ልማዳቸው ነበር፤ ቀሩ። ሰኢድ የደወለላቸው በዚህ መሃል ነው። ሰኢድ እሳቸው ያስተማሩት፣ አሁን የከተማውን የሕዝብ መድረኮች የሚያዘጋጅ ሰው ነው።

«መምህር፣ ያ በዓመት አንዴ ለሕዝቡ የሚሰጡት ማብራሪያ ደርሷል» አላቸው።

መምህር ሚፍታ የአምናውን አስታወሱ። አምና አሥራ አንድ ሰው ነበር የመጣው፤ ሦስቱ ዝናብ ያስጠለላቸው ናቸው።

«ዘንድሮ ይቅርብን ሰኢድ። ሰው አይመጣም።»

«አይመጣም? መምህር፣ እኔ እኮ ወንበር ከትምህርት ቤት እያስጫንኩ ነው!»

እውነትም በቀኑ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ፣ የቀረው ሰው መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። የገበያ ቀን ስለሆነ ከሮቤ የመጣ ነጋዴ፣ ከዴራ ከብት ይዞ የወጣ ገበሬ፣ ሁሉም አለ። ቅዳሜ በጠዋት ስለ ፌዴራል ሥርዓት ለመስማት ይህን ያህል ሕዝብ ሲሰበሰብ ማንም አይቶ አያውቅም። መምህር ሚፍታ ደረታቸው ኪስ ውስጥ መከላከያቸውን ጽፈው ይዘዋል። ፍሬ ነገሩ «ተኝቼ ሳይሆን ዓይኔን ጨፍኜ በጥሞና እያዳመጥኩ ነበር» የሚል ነው። ሦስት ጊዜ መስታወት ፊት ተለማምደውታል።

ወረቀቱን ገና ሲዘረጉ ሊበን ጎሚስታው እጁን አወጣ። ሊበን መናኸሪያው አጠገብ ጎማ የሚያድስ፣ ድምፁ እንደ ኮምፕሬሰሩ የሆነ ሰው ነው።

«መምህር፣ ከማብራሪያው በፊት አንዲት ጥያቄ ነበረችኝ። ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ የዋቢ ሸበሌን ተፋሰስ ሲያስተምሩ በጠመኔ መቱኝ። አልክድም፣ አሸልቤ ነበር። ግን ያኔ ‹ዓይኔን ጨፍኜ እያዳመጥኩ ነው› ስልዎት ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ?»

መምህር ሚፍታ ያስታውሳሉ። እጃቸው ውስጥ ያለውን ወረቀት አዩት።

«‹ጆሮህም ተኝቷል› ነው ያልኩህ» አሉ ቀስ ብለው።

«እሱን ነው!» አለ ሊበንና በእርካታ ተቀመጠ።

መምህር ሚፍታ ወረቀቱን አራት ላይ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ላባቸውን ጠረጉ። «ተኝቻለሁ» አሉ። «ጭኮ በላሁ፣ ተኛሁ። ስንት ልጅ በጠመኔ የመታሁ ሰው፣ እናንተ የሰጣችሁኝ ወንበር ላይ ተኛሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ከዚያ ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ከኋላ በኩል አንዱ፣ ሲያደባ ቆይቶ ኖሯል፣ ስባሪ ጠመኔ ወረወረ፤ ጠመኔዋ መድረኩ ሳትደርስ ሰኢድ ትከሻ ላይ አረፈች። መምህር ሚፍታ አነሷትና አገላብጠው አዩዋት።

«ዒላማህ ያኔም ደካማ ነበር» አሉ፤ ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ።

ሰው የፈለገውን አግኝቷልና ሊነሳ ሲል ግን መምህር ሚፍታ እጃቸውን ዘረጉ። መምህር ናቸውና ሙሉ ክፍል አግኝተው አይለቁም።

«ቆይ፣ ቆይ! የባሰው ገና አልተነገረም። የተኛሁበትን ወረቀት እስከ ዛሬ አላነበብኩትም። በሚቀጥለው ጉባኤ አስተያየት ስጡ እንባላለን። ይኸው ይዤዋለሁ። በሩን ዝጋው ሰኢድ። አብረን እናነበዋለን።»

አነበቡ። አራተኛው ገጽ ላይ የሮቤ ነጋዴዎች ጸጥ አሉ። ሰባተኛው ላይ መስኮቱ ላይ የተንጠለጠሉት አንድ በአንድ ወረዱ። ዘጠነኛው ላይ ሰኢድ፣ በመድረኩ ላይ፣ ሕዝብ ፊት፣ አገጩን ደረቱ ላይ ጣለ። አሥራ አንደኛው ላይ ከሊበን ወንበር ጎማ ሲተነፍስ የሚመስል ድምፅ መጣ። መምህር ሚፍታ ቀና ብለው አዩ፤ ሁለት መቶ ሰው ተኝቷል። ጠመኔዋ ጣታቸው መሃል ናት። ሊበን ደግሞ ስድስት ሜትር ቢርቅ ነው። እጃቸው ሳያዟት ተነሳች።

«እዚያች ያነበብካት ላይ ቁም ልጄ!» የሚል ድምፅ መጣ።

እጃቸውን አወረዱ። የተናገሩት ሦስተኛው ረድፍ ላይ የነጭ ሽንኩርት ከረጢት እግራቸው ሥር አድርገው የተቀመጡ አሮጊት ናቸው። ወይዘሮ አልጣሽ ይባላሉ። ቤታቸው ከጢቾ በላይ ተራራው ላይ ነው፤ አሰላ ያለችውን ልጃቸውን መክሊትን ሊጠይቁ መጥተው፣ ሽንኩርታቸውን ሸጠው ሳይጨርሱ እግራቸውን ለማሳረፍ ነው የገቡት። ስልክ የላቸውም፤ ቪዲዮውንም አላዩም። ሰዎቹ ለምን ሲስቁ እንደነበር ያልገባቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። ሲነበብ የሰሙትም እሳቸው ብቻ ናቸው።

«የመንገዱ ርዝመት በኪሎ ሜትር ይታያል ነው ያልከው?»

«አዎ እማማ። ድጎማው ሲከፋፈል የሚታየው ከተማና ገጠር የሚያገናኘው መንገድ ርዝመት ነው።»

«ዳገቱስ?»

መምህር ሚፍታ ወረቀቱን አገላበጡ። «ዳገት… እስካሁን ባነበብኩት ላይ የለም።»

«እንዴት የለም? እኔ ከቤቴ እስከ ጢቾ መኪና መንገድ ሰባት ኪሎ ሜትር ነው ይሉኛል። ስወርድ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ስመለስ ሦስት ሰዓት ነው የሚፈጅብኝ። ሜዳ ላይ ሰባት ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰውና እኔ እኩል ነን? መኪናው ራሱ እንኳ አይወጣውም፣ አህያው ቆሞ ያስባል!»

መምህር ሚፍታ ሃያ ሁለት ዓመት በካርታ ላይ ከፍታን የሚያሳየውን ኮንቱር መስመር አስተምረዋል፤ አንድም ሰው ከፈተና ውጭ ጠይቋቸው አያውቅም። ከመድረኩ ዘለው ወረዱ።

«እማማ፣ ጋቢዎን ያውሱኝ!»

ጋቢውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ከዚያ እንደ ተራራ ሽቅብ ሰበሰቡት። «ተነሡ! ተነሡ ሁላችሁም! እዩ። ካርታ ከላይ ነው የሚያየው። ከላይ ሲታይ ይህ ጋቢ አንድ ክንድ ነው። ጉንዳን ግን ዳርና ዳሩን ልሂድ ብትል ሽቅብ ወጥታ ቁልቁል ወርዳ ሦስት ክንድ ነው የምትሄደው!»

ሕዝቡ ዓይኑን እያሸ ተሰበሰበ። ዲሪባ የሚባል የዴራ ከብት ነጋዴ ነገሩ ሲገባው ፊቱ ተለዋወጠ።

«ዳገት የሚቆጠር ከሆነ ፀሐያችንም ትቆጠርልን! እኛ ሜዳ ላይ ነው የምንሄደው፣ ልክ ነው፤ ግን ምላሳችን ደርቆ ነው። ዴራ ላይ በቀትር አንድ ኪሎ ሜትር ማለት የናንተ አራት ነው።»

«ኧረ ወዲያ! ፀሐይ ላብ ያወጣል እንጂ ጉልበት ይሰብራል?» አሉት ወይዘሮ አልጣሽ።

«ውሃ በጀሪካን ተሸክመው ይሞክሩት እስቲ!»

«አንተ ዳገቱን ባዶ እጅህን ሞክረው!»

ክርክሩ ሁለት ሰዓት ፈጀ። የሮቤ ነጋዴዎች ጭቃ ይጨመር አሉ። ሊበን የመንገድን ክፋት ለማወቅ ከፈነዳ ጎማ ቁጥር በላይ ማስረጃ የለም ብሎ ማለ። ሰኢድ ቃለ ጉባኤ ይዞ ወረቀት አለቀበት። መምህር ሚፍታ ከዚህኛው ወደዚያኛው እየሮጡ፣ እጃቸውን ጠመኔ ነጭ አድርጎት፣ በጡረታ ከወጡ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሏቸው አያውቅም። ሲለያዩ ወይዘሮ አልጣሽ ጋቢያቸውን አራግፈው ለበሱና፣ «አደራ፣ ጠይቅልኝ» አሏቸው።

የጉባኤው ቀን ሲደርስ ሀሊሜ ሳህኑን ደበቀችው። መምህር ሚፍታ ምሳም አልበሉም፤ ሆዳቸው ሲጮህ ከጎናቸው ያለችው አባል ሞባይል መስሏት ቦርሳዋን ፈተሸች። ወረቀቱ ለውይይት ሲቀርብ እጃቸውን አወጡ። በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያቸው ነው። ማይክሮፎኑ ላይ ቀይ መብራት በራ፣ ያሰቡት ቃል ሁሉ ጠፋና ከአፋቸው የወጣው፣

«ተማሪዎች!» የሚለው ሆነ።

አዳራሹ ሳቀ። ሳቁ ግን ጠቀማቸው፤ ፍርሃታቸው ለቀቃቸው። ኮታቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ተራራ ሠሩ፤ ስለ ጉንዳኗ ተናገሩ፤ ስለ ሰባቱ ኪሎ ሜትር፣ ስለ ሦስቱ ሰዓት፣ ለዲሪባ ቃል ገብተዋልና ስለ ዴራ ፀሐይም ተናገሩ። ከደጋም ከቆላም የመጡት አባላት ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሟቸው።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የተከበሩ አባል፣ ይህ ሐሳብ ከየትኛው ጥናት የተወሰደ ነው?» አሉ።

«ከወይዘሮ አልጣሽ ነው። ከጢቾ።»

«የታተመ ነው?»

«አልታተመም። በእግር የተጠና ነው።»

ሳቁ እስኪበርድ ሰብሳቢው ጠበቁ። ከዚያ ጸሐፊው በቃለ ጉባኤው ላይ «ወይዘሮ አልጣሽ፣ ጢቾ» ብሎ እንዲመዘግብና ባለሙያዎች ቦታው ድረስ ሄደው እንዲያዩት አዘዙ።

መምህር ሚፍታ ከአዳራሹ እየሮጡ ወጥተው አሰላ ደወሉ። ያን ዕለት ግን ውይይቱ በቀጥታ አልተላለፈም፤ አንድም ሰው አላያቸውም። ለሊበን ሁሉንም ከጉንዳኗ እስከ ቃለ ጉባኤው ነገሩት። ሊበን በጥሞና ከሰማቸው በኋላ፣

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… ይህን ያዩት በሕልምዎ ነው?» አላቸው።

ለአንድ ወር ያህል ከሀሊሜ በቀር ያመናቸው አልነበረም፤ እሷም ያመነችው ተርበው ስለመጡ ነው። ከዚያ ከአዲስ አበባ ኤፍራታ የምትባል ወጣት ባለሙያ ቁመትና ርቀት የሚለካ መሣሪያ በአንገቷ አንጠልጥላ አሰላ ደረሰች። መምህር ሚፍታ፣ ሰኢድና ሱቁን ዘግቶ የመጣው ሊበን አጅበዋት ጢቾ ሄዱ። ወይዘሮ አልጣሽ ከመኪናው መንገድ ዳር ቆመው ጠበቋቸው። ኤፍራታን ከላይ እስከ ታች ዓይተው ጫማዋ ላይ ሲደርሱ ተነፈሱ።

«መሣሪያሽ ዳገቱን ይለካል አይደል?»

«አዎ እማማ። ከፍታውንም፣ ሰዓቱንም።»

«ሸክሙን ግን አይለካም» አሉና አንድ ቁና ገብስ ያለበት ከረጢት ትከሻዋ ላይ አደረጉላት።

ኤፍራታ አልተቃወመችም። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ አሁን ስንት ሰዓት እንደሚቀር ጠየቀች። ሁለተኛው ላይ መጠየቅ አቆመች። ሊበን ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ከዚህ በኋላ ያለውን በወሬ እቀበላለሁ ብሎ ድንጋይ ላይ ቀረ። መምህር ሚፍታ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ፣ «እዚህ ላይ… ኮንቱር መስመሮቹ… በጣም የተቀራረቡ ናቸው» አሉ፤ የሰማቸው የለም። ወይዘሮ አልጣሽ ከፊት ከፊት እየሄዱ ስለ ልጃቸው መክሊት፣ ስለ ዘንድሮ ገብስ፣ ስለ ጎረቤታቸው ክፉ ውሻ ያወሩ ነበር፤ ለትንፋሽ እንኳ አልቆሙም።

ጫፍ ላይ ለመድረስ ሦስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ፈጀባቸው። ኤፍራታ ከረጢቱን አውርዳ፣ ሣሩ ላይ ተዘርራ፣ ተኝታ ሳለች ነው ሰዓቱን ማስታወሻዋ ላይ የጻፈችው። ቀመሩ ይለወጥ አይለወጥ እሷ አትወስንም፤ ያየችውን ግን ሳትቀንስ እንደምታቀርብ ለመምህር ሚፍታ ነገረቻቸው። መምህር ሚፍታ መልስ ለመስጠት ትንፋሽ ስላልነበራቸው እጇን ጨበጡ።

ወይዘሮ አልጣሽ እርጎ በቅል ይዘውላት ወጡ።

«ለመሆኑ አንቺ ልጅ፣ ስሜን መዝገብ ላይ ጽፈውታል የሚሉት እውነት ነው?»

«እውነት ነው እማማ። እኔ ራሴ አይቼዋለሁ። ‹ወይዘሮ አልጣሽ፣ ጢቾ› ይላል።»

«የአባቴን ስም አልጨመሩም?»

«አልጨመሩም።»

ወይዘሮ አልጣሽ ቅሉን ከእጇ ሊቀበሏት ምንም አልቀራቸውም።

«እንግዲያው ነገ ስትመለሺ ንገሪያቸው። አልጣሽ እንደሻው ብለው ያስተካክሉት። ጢቾ ላይ ሦስት አልጣሾች አለን፤ ሁለቱ ቤታቸው መንገድ ዳር ነው።»